ከሱሉልታ እስከ ዛንዚባር፦ ለዳይቪንግ ብሎ መሄድ ያዋጣል ወይ?

መልሱን ከፊት ላስቀድመው፤ የቸኮለ ሰው እዚሁ አንብቦ መሄድ ይችላል። ዳይቪንግን፣ ማለትም የአየር ታንክ ተሸክሞ ባህር ውስጥ መጥለቅን፣ ሀ ብሎ መጀመር ለሚፈልግ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ሰው የታንዛኒያዋ ዛንዚባር ታዋጣለች። ቅርብ ነው፣ ውሃው ሞቃት ነው፣ አስተማሪ በሽ ነው። መጥለቅ የለመደና ትልቅ ነገር ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ዋናዋ ደሴት፣ ኡንጉጃ የሚሏት፣ ብቻዋን አታጠግበውም። እሱ ወደ ፔምባ ወይም ወደ ማፊያ ደሴት ይለፍ። ከዚህ ሌላ አንድ ጉዳይ አለ። የጉዞ ምክር የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቹ ዝቅ ያለ አገር ስለሚኖሩ ትዝም አይላቸው። ለእኛ ለደገኞቹ ግን የጉዞውን ዕቅድ የሚወስነው እሱ ነው። ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተሳፍራችሁ፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ የምታገኟት፣ ሯጮች ለከፍታዋ ብለው የሚመጡባት፣ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሳሩ ውርጭ ለብሶ የሚያድርባት ሱሉልታ። እዚህ ሰፈር «ባህር ውስጥ ገብቼ መጣሁ» ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሻርክ ነው። ቀጥሎ ዋጋ። ሦስተኛው ጥያቄ «ለምን?» ነው፤ ለእሱ እስካሁን ደህና መልስ የለኝም።

ደህና ጥያቄ የጠየቁኝ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። በወጣትነታቸው ባህር ኃይል ነበሩ፣ ምጽዋ ኖረዋል፤ ዳህላክን እንደ ጓሯቸው ነው የሚያወሩት። ልሄድ ነው ስላቸው ስለ ሻርክ ትንፍሽ አላሉም። «ጆሮሽ እንዴት ነው ልጄ?» አሉኝ። «ደህና ነው ጋሼ» ስላቸው አልተውኝም። «ጉንፋንስ? ያ ሳይነስ የምትሉት ነገርስ?» እውነትም መጠየቅ ያለበት እሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ ባህሩ ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ። ጆሮ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፣ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ያማል። መፍትሔው አፍንጫን ይዞ አፍን ዘግቶ በቀስታ መንፋት ነው። አየር ከጉሮሮ በኩል ወደ መሀል ጆሮ ይገባና ግፊቱን እኩል ያደርገዋል። ይህን ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ፣ ሕመም ሳይመጣ፣ እየደጋገሙ ማድረግ ነው። አፍንጫው የተዘጋበት ሰው ግን አይሆንለትም። እና አዲስ አበባ ውስጥ ሳይነስ የሌለበት ሰው እስቲ አምጡልኝ! በተለይ በክረምት፣ ከቤት ስንወጣም ስንገባም አፍንጫችን ዝግ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ጋ ጎራ በሉ። የጉንፋን መድኃኒት ውጦ አፍንጫን አስከፍቶ መግባትም አያዋጣም። መድኃኒቱ ታች እያላችሁ ካለቀበት፣ ስትወጡ የሚሰፋው አየር መውጫ ያጣል፤ ያኔ ነው ሥቃዩ።

የዳይቪንግ ትምህርት ቤቶቹ የጤና ቅጽ ያስሞላሉ። አስም፣ ልብ፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ነገር ይጠይቃል። አንዱ ላይ «አዎ» ካላችሁ የሐኪም ፊርማ ይፈልጋሉ። ፊርማውን እዚሁ አገራችሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። እዚያ ደርሶ ሐኪም ፍለጋ መንከራተት የዕረፍት ቀን መብላት ነው።

ሌላው የቤት ሥራ ዋና ነው። «ታንክ ተሸክሜ፣ አየር እየተነፈስኩ፣ ዋና ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ኦፕን ዋተር የሚባለውን የመጀመሪያ ፈቃድ ለማግኘት 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ግድ ነው። ፍጥነት አይለካም፣ የዋና ዓይነትም አይመረጥም፤ እንደ ምንም ብሎ መድረስ ነው። ከዚያ ትምህርቱ፣ ገንዳ ወይም እንደ ገንዳ የተረጋጋ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ልምምድ፣ ቀጥሎ ባህር ላይ አራት ጥልቆች፤ አንድ ጥልቅ ማለት አንድ ጊዜ ወርዶ መውጣት ነው። ሲያልቅ እስከ 18 ሜትር መውረድ የሚያስችል ካርድ ይሰጣችኋል። ፈቃዱን የማይፈልግ፣ «ልሞክረው ብቻ» የሚል ሰው ደግሞ ከአስተማሪ ጋር እስከ 12 ሜትር የሚገባበት የአንድ ቀን ሙከራ አለ። ልብ በሉ፣ ንባቡን በኢንተርኔት እዚሁ መጨረስ ይቻላል። እኔ ማታ ማታ መብራት ባለ ጊዜ ነው ያነበብኩት። ዛንዚባር ደርሶ የአየር ግፊት ሕግ ለማጥናት መቀመጥ ያሳዝናል።

ዋናውን ሶደሬም ተማሩት፣ ላንጋኖም፣ የሆቴል ገንዳ ውስጥም፣ የፈለጋችሁበት። «ለምን ቢሾፍቱ ላይ አይጠለቅም?» የሚለኝም ሰው አለ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጥልቀት አላጣንም። ውሃው ግን አረንጓዴ ነው፣ ከፍታውም 1900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የመጥለቂያ ስሌቱ ሁሉ ይቀየራል። ለጀማሪ አይሆንም። ለዋና ግን ባቦጋያን የሚያህል የለም።

ወደ ዛንዚባር እንሂድ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፤ ከሱሉልታ ቦሌ ለመድረስ ከሚፈጀው የመንገድ መዘጋጋት ጋር ሲነጻጸር በረራው ምንም አይደለም። ቢጫ ወባ የተከተባችሁበትን ካርድ አትርሱ፤ እኛ በሽታው አለባቸው ከሚባሉ አገሮች ስለሆንን ይጠየቃል። በፈረንጆቹ ከ2024 ጥቅምት ወር ጀምሮ ደግሞ ለውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የዛንዚባር የጉዞ መድን ግዴታ ሆኗል፣ 44 ዶላር። ይህ መድን ከዳይቪንግ መድን ጋር አይምታታባችሁ። የጠላቂ መድን ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ግዙትም። የቪዛውን ነገር ትኬት ሳይቆረጥ የታንዛኒያ ኤምባሲ ጋ ጨርሱ።

ጊዜው መቼ ነው? እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ሰው ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ዕረፍታችን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዛንዚባርን የሚገዙት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ካስካዚ የሚሉት ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሞቃት ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ደግሞ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ይመጣል፤ ቀዝቀዝ ያለና ብርቱ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማሲካ አለ፣ ዋናው ዝናብ። በማሲካ አትሂዱ። ሆቴሉ ይረክሳል፣ ባህሩ ይደፈርሳል፣ አንዳንድ ቦታማ ጭራሽ ይዘጋል። ውሃው ከሁሉም ጥርት የሚለው በሁለቱ ነፋሶች መሀል ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር፣ ከዚያ ደግሞ ካስካዚ የሚያበቃበት የካቲት። ሐምሌና ነሐሴ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ዝናብ የለም፣ ሐምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎችም በዚያ ወቅት ያልፋሉ። ግን ባህሩ ያናውጣል፣ ውሃውም ወደ 25 ዲግሪ ይወርዳል። ሌላ ጊዜ 28 እና 29 ነው። ለሱሉልታ ሰው 25 ዲግሪ ፍል ውሃ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ቆይታ በኋላ ግን እሱም ያንቀጠቅጣል። ወፍራም ዌትሱት፣ ውሃ ውስጥ የሚያሞቀውን ልብስ፣ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

የካቲት ላይ የሚሄድ ጿሚ ደግሞ ዐቢይ ጾም ሊገጥመው ይችላል። አያሳስብም። ባቄላ በኮኮናት ወተት ሠርተው በሩዝ ያቀርባሉ፣ ጨጓራ የማያስቸግር፣ ጣፋጭ። ረመዳን ከሆነ ግን ከከተማው ውጪ ቀን ላይ ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር ልጨምር። የአገሩ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፣ ከንጋት ጀምሮ። ጀልባ ነጂው «ሁለት ሰዓት» ካለ ሁለት ሰዓት ነው፣ የኛው ሁለት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት ግን ለፈረንጅ ስለለመዱ በፈረንጅ ሰዓት ያወራሉ። ስለዚህ የቀጠሮውን ሰዓት ስትጠይቁ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። እዚያ ጀልባ በማዕበሉ መውጣትና መውረድ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ለማንም አይጠብቅም። የባህሩ ከፍታ በትልቁ ማዕበል ጊዜ እስከ 4 ሜትር ይወጣል ይወርዳል። ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ ጠዋት ሆቴሉ ደጅ ያያችሁት ባህር ከሰዓት በኋላ የለም፤ ሄዶ ሄዶ ሩቅ ነጭ መስመር ይሆናል። ለመዋኘት የሚያስብ ሰሜኑ ጫፍ፣ ኑንግዊ ይሻለዋል። ጥልቀቱ ቅርብ ነው፣ ወደ ምኔምባ ደሴትም ጀልባ ከዚያ ይነሳል።

ውሃው ውስጥስ?

የመጀመሪያው ልምምድ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አሸዋ ላይ መንበርከክ ነው። ቀላል ይመስላል። ፊት ወደ ውሃ ሲገባ ሰውነት ትንፋሹን ይይዛል፤ የተፈጥሮ ነገር ነው። አስተማሪው ግን ደጋግሞ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ቢኖር ትንፋሽ አትያዙ ነው። ታች የተሳበው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል፣ ሳንባ ውስጥ ከተቆለፈ ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ አፍ ውስጥ ባለው ጎማ በኩል ሳብ፣ ወጣ፣ ሳብ፣ ወጣ። ድምፁ ጆሮ ውስጥ ይሞላል። ከዚያ ማስኩን በውሃ ሙሉት ይላችኋል። ከላይ በኩል ጠርዙን ከፈት ስታደርጉት የጨው ውሃው ዓይንና አፍንጫን ያጥለቀልቀዋል፣ ያቃጥላል፣ ልባችሁ ይደልቃል፣ እና በዚያ ሁሉ መሀል በአፍ እየሳቡ በአፍንጫ እየነፉ ውሃውን ማስወጣት ነው። አስተማሪዬ የኑንግዊ ልጅ ነው፣ አባቱ ዓሣ አጥማጅ። እስክረጋጋ ድረስ የታንኩን ማሰሪያ በአንድ እጁ ይዞ ዓይኔን ዓይኔን ብቻ ነበር የሚያየው። አልቸኮለም። ስታወዳድሩ ከዋጋ በፊት ይህን ጠይቁ፦ አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? ከአራት በላይ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ሌላው መማር ያለባችሁ የእጅ ምልክት ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ማለት «አሪፍ» ማለት አይደለም፣ «ወደ ላይ እንውጣ» ነው። አብሮኝ የነበረ የሀዋሳ ልጅ የመጀመሪያዋን ኤሊ ሲያይ በደስታ ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን ቀሰረ። አስተማሪው ደግሞ ወዲያው ክንዱን ይዞ ሽቅብ ይወስደው ጀመር። ልጁ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ፣ ኤሊዋ ደግሞ ምንም ሳይመስላት ሣሯን ስትነጭ፣ ውሃ ውስጥ መሳቅ እንደሚቻል ያኔ አወቅኩ። ማስኩ ይፈስሳል እንጂ ይቻላል።

ያቺን ኤሊ ትንሽ ላውራላችሁ። አረንጓዴ የባህር ኤሊ የሚሏት ናት። ከታች የባህር ሣር በበቀለበት ሜዳ ላይ ተኝታ ትግጣለች። ጫፉን ነክሳ፣ አንገቷን ወደ ጎን ጎተት አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ የተነቀለው ደለል ብን ብሎ ይነሳል፣ ትናንሽ ዓሦች ደለሉ ውስጥ ይረባረባሉ። ጀርባዋ ላይ ሙጭጭ ያለ ዓሣ ነበር። ትንሽ ቆየችና አየር ለመሳብ ወደ ላይ ወጣች፣ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ ተነፈሰች፣ ያንኑ ቦታ ተመልሳ ወረደች። እኛ ያን ሁሉ ብረት ተሸክመን፣ እሷ በአንዲት ትንፋሽ።

አሁን ወደ ቅሬታው ልምጣ። ምኔምባ ከሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ዙሪያዋ የኮራል ቀለበት አለ። የዛንዚባር ዳይቪንግ ማስታወቂያ ሁሉ እሷን ነው የሚያሳየው። ደሴቷ የግል ማረፊያ ስለሆነች መውረድ አይቻልም፤ ውሃው ግን ለሁሉም ነው፤ ለሁሉም ሆነና ረፋድ ላይ ጀልባው በጀልባ ላይ ነው። ዶልፊን ብቅ ካለ ሁሉም ሞተሩን አስነስቶ ያሳድደዋል። የሰው መዓት ከየጀልባው ዘሎ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ዶልፊኖቹ ይሸሻሉ። በጣም ነው የሚያስጠላው። እኔ ከፍዬ ማየት የምፈልገው ይህንን አይደለም። ጠዋት በጣም ማልዶ የሚወጣ ትምህርት ቤት ምረጡ፤ ያኔ ሌላ ቦታ ይመስላል።

ኮራሉም ቢሆን ፎቶ ላይ እንዳያችሁት አይደለም። በፈረንጆቹ 1998 በኤልኒኞ ባህሩ ከመጠን በላይ ሞቆ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ኮራል በብዛት ነጥቶ ሞቷል። ኮራል ሲሞቀው ቀለምና ምግብ የሚሰጡትን ጥቃቅን አልጌዎች ያስወጣቸዋል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ይሞታል። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ደርሷል፤ በ2024 ሚያዝያ ላይ ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱ ታውጇል። በዚህ ላይ መልሕቅ አለ፣ ከመጠን ያለፈ ዓሣ ማጥመድ አለ። አንዳንድ ቦታ ታች ስትወርዱ የተሰባበረ ኮራልና ረጃጅም እሾህ ያለው ጥቁር የባህር ጃርት ብቻ ነው የምታዩት። ጃርቱ የበዛው እሱን የሚበሉት ዓሦች ስለተጠመዱ ነው። እንደዚያም ሆኖ ደህናው ቦታ ደህና ነው። ኦክቶፐስ ፊቴ ድንጋይ መስሎ ቀለም ሲቀይር አይቻለሁ፣ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣም አይቻለሁ። ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ጀማሪ እኮ የመጀመሪያዎቹን ጥልቆች የሚያሳልፈው ሚዛኑን በመጠበቅ ነው፤ ምርጡ ሪፍ (የኮራል አለት) ላይ ቢወስዱትም ረግጦ ይሰብረዋል እንጂ አያየውም።

የሚገርመው ደግሞ ከዛንዚባር ሪፎች በደንብ ከተጠበቁት አንዱ ለጠላቂ ዝግ መሆኑ ነው። ቹምቤ ይባላል፣ ከአሮጌው ከተማ ከስቶን ታውን ደቡብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በስኖርክል፣ በመተንፈሻ ቱቦ ላይ ላዩን እየተንሳፈፉ፣ ብቻ ነው የሚገባው። ጆሮው ወይም ኪሱ ለሚያጠራጥረው ሰው እሷ ትበቃዋለች፤ በዳይቪንግ ከሚታየው ግማሹን ከላይ ተንሳፍፎ ማየት ይቻላል።

የመርከብ ስብርባሪ ለሚወድም አለው። ስቶን ታውን አጠገብ ግሬት ኖርዘርን የተባለች የቴሌግራፍ ገመድ የምትዘረጋ መርከብ በፈረንጆቹ 1902 ሰጥማ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ተኝታለች፤ ለጀማሪ ትሆናለች። በ1914 ኮኒግስበርግ የተባለው የጀርመን መርከብ ያሰጠማት የእንግሊዟ የጦር መርከብ ፔጋሰስ ግን ወደ 40 ሜትር ጥልቀት ላይ ናት፤ ለሠለጠነ ሰው ብቻ።

ፈቃድ ላለው ሰው ፔምባ ያልኩት ለምንድን ነው? ኡንጉጃ ከዋናው አፍሪካ ጋር የሚያገናኛት ጥልቀት የሌለው መደብ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ፔምባን ግን ጥልቅ ሰርጥ ይለያታል። ስለዚህ ገደሉ ቁልቁል ነው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ቱሪስቱ ጥቂት ነው። ጅረቱ ግን ብርቱ ስለሆነ በልምድ ነው የሚገባው። ማፊያ ደግሞ ወደ ደቡብ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ዌል ሻርክ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፣ ምግቡ ግን ፕላንክተን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳት። ሰፈር ውስጥ ስለ ሻርክ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የማወራው ስለ እሱ ነው፤ ማንም አያምነኝም።

አሁን ያቆየሁት ጉዳይ። ከታንኩ የሚተነፈሰው ተራ አየር ነው፣ አብዛኛው ናይትሮጅን። ግፊት ሲበዛ ናይትሮጅኑ ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለን ስንወጣ ቀስ ብሎ በሳንባ ይወጣል። በችኮላ ከወጣን አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ ከባሰ ነርቭ ይጎዳል። ለዚህ ነው በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት የሚወጣው፣ 5 ሜትር ላይም ለ3 ደቂቃ የሚቆመው። የተረፈው ናይትሮጅን መሬት ከወጣን በኋላም ለሰዓታት እየወጣ ይቆያል። በዚያ መሀል አውሮፕላን መሳፈር ማለት በሰውነት ላይ ያለውን ግፊት እንደገና መቀነስ ነው። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት የሚመክረው አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለቀናት ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ከበረራ እንዲቆይ ነው።

ይህ ምክር የተሰላው የካቢን ግፊት፣ ማለትም አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት፣ ከ600 እስከ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር እኩል እንደሚሆን ታስቦ ነው። የለንደን ሰው ሲያርፍ ነገሩ አለቀ፤ ወደ ባህር ጠለል ተመለሰ። እኛስ? ቦሌ ራሱ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ካቢን የሚይዘው የ1800 ሜትር ገደማ ግፊት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ሲወርድ ካቢኑ «ይወጣል» ማለት ነው። ከበረራው ወረድን ስንል ሰውነታችን አሁንም በረራ ላይ ነው፣ ያውም ሳይወርድ ይከርማል። ከዚያ እኔ ሻንጣዬን ይዤ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ እሄዳለሁ። የእንጦጦ አናት 3200 ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልቱ አናቱን ባይረግጠውም ከቦሌ መቶዎች ሜትር ከፍ ይላል። ማደሪያዬም ከ2500 ሜትር ያላነሰ ነው። ያ የ18 ሰዓት ምክር ከተሰላበት ክልል በላይ ማለት ነው። ሰንዳፋ ያላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ የምትቀጥሉ፣ የእናንተም ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እኔ የመጨረሻውን ጥልቅ ከጨረስኩ በኋላ ሙሉ ቀን ከሁለት ሌሊት ሳልጠልቅ ነው የምሳፈረው። ይህ የራሴ ጥንቃቄ ነው፣ ለእናንተ ሐኪም ወይም የመድን ድርጅታችሁ ይንገራችሁ። ለትምህርት ቤቱም የምትኖሩበትን ከፍታ ንገሩ። እኔ ስነግረው አስተማሪዬ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ «እንጦጦ» ብሎ ፈለገ፣ ከዚያ መሳቁን አቆመ። ቀኖቹ አይባክኑም፤ ስቶን ታውን አለላችሁ። ጠባብ ጠባብ መንገዶች፣ የተቀረጹ በሮች፣ በፈረንጆቹ 1873 በተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ የተሠራው ካቴድራል፣ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ውስጥ የሸንኮራ ጭማቂ። ጉዞውን ስታቅዱ መጀመሪያ ባህር፣ መጨረሻ ከተማ አድርጉት። የጉዞ ወኪሎች የሚያዘጋጁት ብዙውን ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው። አስቀይሩት።

ገንዘቡን በአጭሩ። ኮርሱ ከ400 ዶላር በላይ ነው። ምኔምባ ላይ የሁለት ጥልቅ ቀን ከ100 ዶላር በላይ፤ የባህር ጥበቃ ክፍያው ተካቷል ወይስ አልተካተተም ብላችሁ ጠይቁ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ ዶላር በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ ሒሳቡን በብር ስትሠሩት ራስ ያዞራል። ለዚህ ነው «ያዋጣል» ያልኩት ለሚማር ሰው የሆነው። ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ሙከራ ብቻ የሚያደርግ ሰው ግን ያን ሁሉ ትኬት ለ40 ደቂቃ ውሃ ነው የሚከፍለው። እሱ ዛንዚባርን ለዕረፍት ብሎ ይሂድ፣ ዳይቪንጉ ምራቂ ይሁንለት።

ካርዱ ከተያዘ ደግሞ ከዛንዚባር የሚቀርብ ባህር አለ። ጅቡቲ። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ትናንሽ ደሴቶች አሉ፣ ዌል ሻርኩም ከኅዳር እስከ ጥር ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ይታያል። ለሚቀጥለው ኅዳር እሱን ነው የማስበው፣ ከፉሪ ለቡ በባቡር። ጎረቤታችን ጋሼ ከአሁኑ ልባቸው ተነስቷል፤ «ለመጥለቅ እንኳ ዕድሜው አልፏል፣ ጀልባዋ ላይ እቀመጣለሁ» ብለዋል። ባቡሩ ካቢን የለውም ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ከጅቡቲው ጣቢያ ከናጋድ ተነስቶ ከባህር ጠለል እስከ ፉሪ ድረስ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ከመጨረሻው ጥልቅ በኋላ ሰዓቱን ለእሱም ቁጠሩለት።